የ2,200 ብሩ የችግኝ አጥር፦ ፍየል ይመልሳል፣ የቤት ሰው አይመልስም

ድሬዳዋ ውስጥ ችግኝ ማግኘት ቀላል ነው። ክረምት ሲገባ እንዲያውም በነጻ ይታደላል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ፣ ሐምሌ ላይ ችግኝ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው የማይታይበት ሰፈር የለም። ጣጣው የሚመጣው ከተተከለ በኋላ ነው። አምና የተከላችሁት የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ። የብዙ ሰው መልስ "ፍየል በላው" ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ችግኝ አይደለም፣ ስለ አጥሩ ነው። ታይዋን ከሚባለው የድሬ ሰፈር አካባቢ ካለ አንድ ብየዳ ቤት ሦስት የብረት አጥር አሠርቻለሁ። አንዱ ለማንጎ፣ አንዱ ለሎሚ፣ አንዱ ከበር ውጭ መንገድ ዳር ላለችው ኒም። የብየዳ ቤቱን ስም አልጽፍም። የምወቅሰውም የማመሰግነውም አለኝ፣ ከሰውየው ጋር ደግሞ ገና ሥራ አለን። ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት ሦስት ተኩል። የቀረው የት እንደቀረ እነግራችኋለሁ። ሥራዬ ንብረት ክፍል ነው፣ ዕቃ ሳልቆጥር መረከብ አልችልም።

መጀመሪያ ስለ ፍየሏ። የድሬን ፍየል የማያውቅ ሰው "በር ዝጊ" ብሎ ይመክረኛል። አቦ፣ በር በመዝጋት ቢሆንማ! ሳቢያን ነው የምኖረው። ግቢው ውስጥ ሦስት ተከራይ አለ፣ ሁለት ኳስ የማይጠግቡ ወንዶች ልጆች አሉኝ፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የሚውለው። ፍየሎቹ ደግሞ ጠዋት ተለቀው መንገድ ለመንገድ ገረባ፣ የጫት ትራፊ ማለት ነው፣ ሲለቅሙ ይውላሉ። ጫት የሚቃምበትን ቤት በሰዓቱ ያውቁታል። የኛን በርም እንደዚያው ያውቁታል። በኋላ እግራቸው ሲቆሙ ደግሞ ከሰው ደረት በላይ ያለ ቅጠል ይደርሳሉ።

የኔ ማንጎ የተዳቀለ ነው። ሥሩና የታችኛው አጭር ግንድ የአንድ ማንጎ ነው። ከላይ የተጣበቀው ደግሞ ፍሬው የሚፈለገው ማንጎ ነው። ፍየል ከተጣበቀበት ቦታ በላይ ያለውን ጨርሳ ብትበላው ሥሩ አይሞትም፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሰው ይደሰታል። ግን ያቆጠቆጠው የታችኛው ነው። ከዓመታት በኋላ የሚያፈራው ገንዘብ የተከፈለበት ማንጎ አይደለም። ስለዚህ የተዳቀለ ችግኝ የገዛ ሰው "በልታው ነበር፣ ግን ተመልሷል" ከማለቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይይ። አዲሱ ቀንበጥ ከየት ነው የወጣው? ከተጣበቀበት በታች ከሆነ አልተመለሰም።

ቅጠል ከመብላት የባሰው ደግሞ ቅርፊት መላጥ ነው። ቅጠል የሚያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል በኩል ነው። ውሃው ወደ ላይ የሚወጣው ከዚያ ወደ ውስጥ ባለው እንጨት ነው። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ በማግስቱ አይደርቅም። ውሃ ስለሚያገኝ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ይሰነብታል፣ እናንተም "ተረፈ" ትላላችሁ። ከታች ግን ሥሩ ምግብ ተቋርጦበታል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ስለ በጉ ሳወራ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዕቃው። አጥሩ ክብ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ50፣ ወርዱ ከዳር እስከ ዳር 50 ሳንቲ ሜትር። አራት ቋሚ፣ አራት ቀለበት፣ ሁሉም በ8 ሚሊ ፌሮ። ዙሪያውን ሽቦ ወንፊት ለብሷል። ላዩ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ አንዱ ቀለበት ላይ በነጭ የብየዳ ቤቱ ስልክ ተጽፏል። ይህን አልጠየቅኩም። በኔ ብረት፣ በኔ በር ላይ፣ በነጻ ማስታወቂያ። ለማንኛውም አለፍኩት።

መጀመሪያ የተጠራልኝ ዋጋ 2,600 ብር ነበር። ሦስት ስለሆነ በ2,200 ተስማማን። ተወደደ ወይስ አልተወደደም? ሒሳቡን ልሥራላችሁ። አራት ቋሚ በ1.50 ስድስት ሜትር ነው። ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቀለበት 1 ሜትር ከ57 ይፈጃል፤ አራቱ 6 ሜትር ከ28 ናቸው። ድምሩ 12 ሜትር ከ28። አንድ ፌሮ ከፋብሪካ የሚወጣው 12 ሜትር ሆኖ ነው። ስለዚህ ለአንድ አጥር አንድ ፌሮና ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። 8 ሚሊ በሜትር 0.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አጥሩ ያለ ወንፊቱ አምስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። የፌሮውን የዕለቱን ዋጋ ከሕንፃ መሣሪያ ቤት ጠይቃችሁ፣ ወንፊቱንና የእጅ ዋጋውን ጨምራችሁ ተከራከሩ። ብየዳ ቤት የሚፈራው ይህን ሒሳብ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ዋጋ ቀንሱልኝ ስትሉ ቁመቱን አይቀንሱም፣ ውፍረቱን ነው የሚቀንሱት። "በ6 ሚሊ ልሥራልሽ፣ ምንም ልዩነት የለውም" ተብዬ ነበር። ልዩነት አለው። ፍየል የፊት እግሯን አጥሩ ላይ ጭና ወደ ላይ ስትንጠራራ 6 ሚሊው ይጎብጣል። መንገድ ዳር እንዲህ የጎበጡ አጥሮች አይቻለሁ። ቀለም ከተቀባ በኋላ ደግሞ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ስትረከቡ ለኩ።

እንግዲህ ጉድለቱ። የመጀመሪያው፣ እግር የለውም። በብየዳ ቤቱ ልማድ ቋሚዎቹ የታችኛው ቀለበት ላይ ያልቃሉ። አጥሩ መሬት ላይ ይቀመጣል እንጂ አይተከልም። የኛ አፈር ደግሞ አሸዋ ይበዛበታል። የመጀመሪያው አጥር እንደመጣ ፍየሏ ተደገፈችበት፣ አጥሩ ዘመም አለ፣ የላይኛው ቀለበት የማንጎውን ግንድ ተንተራሰ። ከዚያ ነፋስ መጣ። ግንዱ በተወዛወዘ ቁጥር ብረቱ ቅርፊቱን ይፍቃል። ቅርፊት እንዲጠብቅ የተገዛ ዕቃ ቅርፊት ሲልጥ አስቡት።

ይዤው ተመለስኩ። ባለ ብየዳው "እህቴ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚወስደው" አለኝ። "ወንድሜ፣ ሁሉም ሰው ከዚያ በኋላ ዛፍ አለው ወይ?" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ አራቱን ቋሚ 40 ሳንቲ ሜትር አስረዘመልኝ፣ ጫፋቸውንም ወደ ውጭ አጠፈው። ለአንዱ 150 ብር ጨመርኩ። የታጠፈው እግር ላይ ድንጋይ ተጭኖ አፈር ሲመለስበት አጥሩ አይነቃነቅም። ይህ መጀመሪያውኑ ከዋጋው ጋር መካተት ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ግማሽ ነጥብ ቀንሻለሁ።

ሁለተኛው፣ በር የለውም። ሙሉ ክብ ነው። ችግኙ ትንሽ ሳለ ከላይ ወደ ታች ይጠለቃል። ችግኙ አድጎ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ግን አጥሩ ወደ ላይ አይወጣም። አረም ልንቀል ብትሉ እጅ አይገባም፣ ልታነሡት ብትሉ ቅርንጫፍ ይሰብራል። በመጨረሻ በግራይንደር ማስቆረጥ ነው። ከዚራ ባቡር በ1895 ከመጣ በኋላ የተቆረቆረ ሰፈር ነው፣ ጥላው የድሬ ኩራት ነው። አንድ ዛፍ እዚያ ያሉትን ያህል እንዲሆን የሚመኝ ሰው አጥሩ የሚወልቅበትን ቀን ከወዲሁ ማሰብ አለበት። ብረት ለግንድ ብሎ አይሰፋም። ግንዱ ይወፍርና ብረቱን ውጦ ያድጋል፣ ወይም ብረቱ ያንቀዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በሁለት ግማሽ ክብ አሠሩት፣ በአንድ ጎን ማጠፊያ ይሁን፣ በሌላው በጥቁር ሽቦ ይታሰር። እኔ ለማንጎው እንዲህ አሠርቻለሁ። ማጠፊያው 300 ብር አስጨምሮኛል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ማጠፊያውን ትቶ ሁለቱንም ጎን በሽቦ ቢያስር ያው ነው።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። አንቲረስት ይቀባል ተብሎ ነበር የተስማማነው። ብየዳው ላይ ያለው ቅርፊት በመዶሻ ሳይራገፍ፣ ዝገቱ ሳይፋቅ፣ አረንጓዴው ብቻ ተለቅልቆበት መጣ። በመጀመሪያው ዝናብ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀላ። ራሴ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቀባሁት። የሽቦ ወንፊቱ ጫፍ ጉዳይም አለ። የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውጭ ቀርቶ የልጄን ቲሸርት ቀዷል። ከመረከባችሁ በፊት በመዳፋችሁ ዳብሱት፣ የሚወጋ ካለ እዚያው አሳጥፉ።

ለሎሚው ግን አጥሩ ጨርሶ አልተስማማም። ሎሚ ከታች ጀምሮ ይንሰራፋል። 50 ሳንቲ ሜትር ይጠበዋል። ቅርንጫፎቹ ወንፊቱ ላይ ተለጠፉ፣ ፍየሏ ደግሞ በቀዳዳው በከንፈሯ እየጎተተች ለቀመቻቸው። በ80 ሳንቲ ሜትር ላሠራ ብትሉ አንዱ ቀለበት ብቻ 2 ሜትር ተኩል ይፈጃል፣ ዋጋው ይሰቀላል። ለሎሚ ቀለበቱን ሁሉ ተዉት። አራት የፌሮ ችካል በሰፊው ተክላችሁ በሜትር የሚሸጠውን ሽቦ ወንፊት ዙሪያውን እሰሩት። ጠባብ ቀዳዳ ያለውን፣ የዶሮ ሽቦ የሚባለውን ምረጡ። ርካሽ ነው፣ ዛፉ ሲሰፋ ችካሉን ነቅሎ ማስፋት ይቻላል። የሎሚውን አጥር አውጥቼ ለዘይቱና አድርጌዋለሁ።

ጊሽጣ ለተከላችሁ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፦ ገንዘባችሁን አታውጡ። በኔ ግቢ ያለችውን ፍየሎቹ አሽትተው ነው የሚያልፏት።

ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ ግን ልመስክር፦ ከፍየል በኩል አጥሩ ሥራውን ሠርቷል። ማንጎው ላይ አንድ ቅጠል አልተነካም። ኳስም ይመልሳል። ልጆቼ አጥሩን እንደ ጎል ቋሚ ይጠቀሙበታል፣ ማንጎው ግን ምንም አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አጥሩ የማይመልሰው ወገን አለ። የቤት ሰው ነው።

ከተከራዮቼ አንዷ የልብስ ገመድ ስታጣ የገመዱን አንድ ጫፍ የማንጎው አጥር ላይ አሰረችው። እርጥብ አንሶላ ሲሰቀልበት አጥሩ ወደ ቤቱ ጎበጥ አለ። "እህቴ፣ ይሄ ለዛፉ ነው" አልኳት። "ጠንካራ ስለሆነ ነው እኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጠንካራ ነው። ግድግዳው ላይ መንጠቆ መታሁላት።

ቀጥሎ በጉ። ለፋሲካ የመጣው በግ የት ይታሰር? ዛፍ ሥር ነው እንጂ የት ይታሰራል! በኛ አገር ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ ሁሉ የበግ ማሰሪያ ነው። ካቻምና አጥር ሳይኖር ሎሚው ላይ ታስሮ ነበር። በጉ ዙሪያውን ሲዞር ገመዱ ግንዱን ፈግፍጎ ቅርፊቱን ግማሽ ዙር ገሽልጦታል። ቅርፊት ዙሪያውን ከተላጠ ምን እንደሚሆን ከላይ ነግሬአችኋለሁ፤ ሎሚው የተረፈው ግማሽ ዙሩ ስለቀረለት ብቻ ነው። ዘንድሮ የባለቤቴ ወንድም በጉን አጥሩ ላይ አሰረው። 40 ሳንቲ ሜትር የተቀበረው እግር በአንድ ወገን ተነቀለ። ፍየል ትደገፋለች፣ በግ ግን ይጎትታል፤ አጥሩ ለመጎተት አልተሠራም። ከግቢው ጥግ ላይ ወፍራም ችካል ተመቶለት ነገሩ በረደ። በዓል ሳይደርስ አንድ ችካል ምቱ። ከአጥሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ሦስተኛዋ እናቴ ናት። እናቴ ውሃ መድፋት አትወድም። የልብስ እጥበቱን ውሃ ተሸክማ ማንጎው ሥር ታፈሳለች። ተው ስላት፣ "ልጄ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር ውሃ ይደፋል?" ትለኛለች። ክርክሩ ከባድ ነው። ግን የኦሞ ውሃ ጨው ነገር አለበት። ማንጎና ሎሚ ደግሞ ጨው አይወዱም፣ የቅጠላቸው ጫፍ እየተቃጠለ ቡናማ ይሆናል፣ አፈሩም ይደርቅና ውሃ አላሳልፍ ይላል። የድሬ ውሃ በራሱ ከባድ ነው። ውሃ የሚፈላበት ዕቃ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያየ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ላይ ሳሙና መጨመር ለችግኝ አይሆንም። ከእናቴ ጋር እንዲህ ታረቅን፦ የመጀመሪያው የኦሞ ውሃ ግቢው ሲታጠብ ይገባል፣ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ለኒሟ ይሰጣል፣ ማንጎና ሎሚ ከሮቶው ብቻ ይጠጣሉ። ኒም ቻይ ናት።

ግንበኛም አይረሳ። ግቢያችን ውስጥ አንድ ሰርቪስ ክፍል ስናሠራ የሲሚንቶ መቦኪያው የሚታጠበው ዘይቱናው ሥር ነበር። የሲሚንቶ ውሃ አፈሩን ያበላሸዋል፣ የአሸዋና የብሎኬት ክምር ደግሞ ሥሩ የሚተነፍስበትን አፈር ይጠቀጥቀዋል። አጥር ግንድን እንጂ ሥርን አይጠብቅም፣ ሥር ደግሞ ከአጥሩ ወርድ አልፎ ይሄዳል። ግንባታ ያለበት ግቢ ውስጥ ሰፋ አድርጋችሁ በገመድ ከልሉ፣ ለግንበኛውም ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት።

ከበር ውጭ ያለችው ኒም ታሪኳ ሌላ ነው። አጥሩ እንደተተከለ መንገደኛው የቆሻሻ መጣያ አደረገው። ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገረባ። ገረባ አጥሩ ውስጥ ሲጣል ፍየሎቹ አጥሩን ይከብቡታል። ኒሟን ፈልገው አይደለም፣ ገረባውን ፈልገው ነው። ግን እየገፉ እየገፉ አጥሩን ያነቃንቁታል። ኒሟን ያቆየቻት በራችን ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠው አዴ ናት። አንድ ሰው እጁን ወደ አጥሩ ሲዘረጋ ከወንበሯ ሳትነሣ ትጮህበታለች። "አዴ፣ አደራሽን" ብያት ነበር፣ አደራዋን ጠብቃለች። መንገድ ዳር የሚተክል ሰው ብረቱን ከማሠራቱ በፊት እንዲህ ያለ ጎረቤት ይፈልግ። ብረቱን ራሱንም ሌባ አይቶ ለቆራሌው እንዳይሸጥብኝ እግሩን በአርማታ አስይዣለሁ። የግቢ ውስጦቹን ግን በአርማታ አታስይዙ፣ መንቀል ይመጣል።

ፀሐይንም አጥሩ አይመልስም። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ፀሐይ የልጅ ችግኝ ቅርፊት ይሰነጥቃል። ግንድ በኖራ መቀባት እዚህ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ የተረፈ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ነበረኝ፣ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል አቅጥኜ ከመሬት እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ቀባሁት። የዘይት ቀለም ግን አይነካ፣ ግንዱን ይጎዳል። ከእርሻ ዕቃ መሸጫ ደግሞ አረንጓዴውን የጥላ መረብ በሜትር ገዝቼ የአጥሩ ምዕራብ ጎን ላይ አሰርኩት። የሚጎዳው የከሰዓት ፀሐይ ስለሆነ ዙሪያውን መሸፈን አያስፈልግም። እዚህ ላይ አጥሩ ያልታሰበ ጥቅም ሰጠኝ፣ ለመረቡ ምሰሶ ሆነ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲመጣ አወለቅኩት። ብረቱ ራሱ በቀን ስለሚግል ግንዱ እንዳይነካው መሐል ላይ መሆኑን እያያችሁ።

ችግኙ እንዳይወድቅ ከአጥሩ ጋር ማሰር ካስፈለገ በሽቦ ወይም በሲባጎ አታድርጉት። ጎማ ሠሪ ቤት ሂዱና የተጣለ ካላማዳሪያ ለምኑ፣ በነጻ ይሰጣችኋል። በስስ ቆርጣችሁ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ትንሽ መወዛወዝ አለበት፣ ግንድ የሚጠነክረው በመወዛወዝ ነው። የተዳቀለ ችግኝ ከሆነም መጣበቂያው ላይ የተጠመጠመውን ፕላስቲክ ሲድን መፍታት አትርሱ። ብዙ ሰው ረስቶት እዚያው ላይ አንቆ ይገድለዋል።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ ልበል። እሾህ ርካሽ ነው፣ ፍየልም ትፈራዋለች። ለገጠር ግቢ ከብረት ይሻላል። ልጅ በነጠላ ጫማ በሚሮጥበት ግቢ ግን አልመክርም። ፕሮሶፒስ የሚባለው የመጤ ዛፍ እሾህ ከሆነ ደግሞ ፍሬ የያዘውን አታምጡ። ፍየል ፍሬውን በልታ በበጠጧ ትዘራዋለች፣ እሱን ከግቢ ማጥፋት ሌላ ሥራ ነው። የእንጨት አጥር ምስጥ ይጠራል። በርሜል ቀዳድደው የሚያለብሱም አሉ፣ ችግኙን ውስጡ ይቀቅሉታል። ከነዚህ ሁሉ ብረቱ ይሻለኛል። ምስጥ አይበላውም፣ ዛፉ ሲያድግ አውልቄ ለሌላ አደርገዋለሁ። ምስጥን ካነሣሁ አይቀር፣ አፈሩ እርጥበት እንዲይዝ የማሽላ አገዳ የምትጎዘጉዙ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁት።

ስለ ብየዳ ቤቱ አገልግሎት። ሥራው ጥሩ ነው፣ ብየዳው አልለቀቀም። ቀጠሮው ግን "ነገ ኢንሻአላህ" ነው፣ ነገውም ነገ ይወልዳል። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ አትስጡ። ግማሽ ስጡ፣ ቀሪውን ለክታችሁ ስትረከቡ። ሰውየው ቁጡ አይደለም፣ ስህተቱን ሲያሳዩት ያስተካክላል፤ ለእግሩ ማስጨመሩን ግን አልረሳለትም። ማጓጓዣ የለውም። በጭነት ባጃጅ ማስመጣት የእናንተ ነው፣ ሦስቱ አንድ ላይ ይጫናሉ።

ስታዙ እንዲህ በሉት፦ 8 ሚሊ፣ ቁመት 1.50 ከመሬት በላይ፣ እግር 40 ከመሬት በታች ጫፉ የታጠፈ፣ በሁለት ግማሽ፣ ወርድ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ብየዳው ተራግፎ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም። ስልኩን ባይጽፍበትም ደስ ይለኛል። ጠዋት ሂዱ። ከምሳ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሙቀቱም በርጫውም (የጫት ሰዓቱ) ስላለ በሩ ተዘግቶ ነው የምታገኙት፣ አርብ ደግሞ ከጁምዓ በፊት ካልደረሳችሁ ቅዳሜ ይሻላል።